ከቀብር በኋላ የደረሰ መርዶ፦ የሳሙኤል ሞርስ ቤተሰብና የቴሌግራፍ ታሪክ

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1825 አንድ የ33 ዓመት ሠዓሊ ዋሽንግተን ከተማ ተቀምጦ ለሚስቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በዋዜማው ምሽት ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ ባደረጉት ግብዣ ላይ ተገኝቶ፣ ተመራጩን ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስንና ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋውን ፈረንሳዊ ጄኔራል ላፋየትን በአንድ አዳራሽ እንዳየ ያወጋታል። ከእርሷ የሚመጣ ደብዳቤ እንደናፈቀውም ይጨምርበታል። ሉክሬሺያ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን ስለ ሰልስቷ የሚታሰብበት ቀን ነው።

ሠዓሊው ሳሙኤል ሞርስ ይባላል፤ የነጥብና የሰረዝ ፊደል እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሰው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህች ደብዳቤ ታሪክ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ላይ በየጊዜው ይዞራል። አጨራረሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሞርስ ሚስቱን ሳይቀብር በመቅረቱ አንጀቱ አርሮ፣ ሌላ ሰው እንዲህ ያለ መርዶ እንዳይደርስበት ሲል በሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን ቴሌግራፍን ፈለሰፈ ይላል። ልብ የሚነካ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንባ ተናንቆኝ ነበር። ቆይቶ ግን ከዚያ ውብ ታሪክ ውስጥ ማን እንደጎደለ ማሰብ ጀመርኩ። ልጆቹ የሉም። አብረውት የሠሩት ሰዎች የሉም። ስለ ስደተኞችና ስለ ባርነት የጻፋቸው ነገሮችም የሉም። ዘመዶቻችን በአራቱም የዓለም ማዕዘናት ተበትነው መርዶን በእጅ ስልክ በምንቀበልበት በዚህ ወቅት፣ የመልእክት ሽቦው ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ በትክክል ማወቅ የሚጠቅመን ይመስለኛል።

ሞርስ በ1791 በቦስተን አጠገብ በምትገኘው ቻርልስታውን ተወለደ። አባቱ ጄዲዳያ ሞርስ ቄስና የታወቀ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ደራሲ ነበር። ልጁ በ1810 ከዬል ከተመረቀ በኋላ እንግሊዝ ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ በ1818 የኮንኮርዷን ሉክሬሺያ ዎከርን አገባ። የሠዓሊነት ገቢ ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚገኝ አልነበረም። የሀብታሞችን መልክ ለመሳል ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ ሚስቱ ከልጆቿ ጋር በአማቶቿ ቤት ትጠብቀው ነበር። ትልቁ ዕድል የመጣው የኒው ዮርክ ከተማ አሜሪካን ይጎበኝ የነበረውን የላፋየትን ሙሉ ቁመና እንዲስል በመረጠው ጊዜ ነው። ዋሽንግተን የሄደው ለዚህ ሥራ ነበር። ሉክሬሺያ በዚያው ጃንዩዋሪ ሦስተኛ ልጃቸውን ተገላግላ ገና ታርሳ አልተነሳችም።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን ሞተች፤ ዕድሜዋ 25 ነበር። አባቱ በማግስቱ የጻፈው ደብዳቤ ዋሽንግተን የደረሰው ዓርብ ማታ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ነው። ሞርስ ቅዳሜ ጠዋት በፈረስ ሠረገላ ተነሳ፤ እሁድን ባልቲሞር ዋለ። ከዚያ ሆኖ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ መንገዱን በቀን ቆጥሮታል፦ ሰኞ ማታ ፊላደልፊያ፣ ማክሰኞ ማታ ኒው ዮርክ፣ ረቡዕ ማታ ኒው ሄቨን። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ተቀብራለች።

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከሰነዱ ጋር አይገጥምም።

በሚስቱ ሞትና በቴሌግራፍ ሐሳቡ መካከል ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ አለ። ሞርስ ራሱ በፈጠራ ባለቤትነት ክርክሮች ላይ ደጋግሞ የተናገረው፣ ሐሳቡ የመጣለት በኦክቶበር 1832 ከፈረንሳይ ሲመለስ ሰሊ በተባለች መርከብ ላይ እንደሆነ ነው። በእራት ገበታ ላይ ቻርልስ ጃክሰን የተባለ የቦስተን ሐኪም፣ ኤሌክትሪክ በረጅም ሽቦ ውስጥ ወዲያው እንደሚያልፍ ሲያስረዳ ሞርስ ሰማ። ኤሌክትሪኩ መኖሩ በሽቦው ጫፍ ላይ ከታየ መልእክት የማይሆንበት ምክንያት አልታየውም። የቀረውን ጉዞ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሲስል አሳለፈ፤ ከመርከቧ ሲወርድም ለካፒቴኑ አንድ ቀን ይህ ነገር ሲወራ ከሰማህ እዚህ መርከብ ላይ እንደተገኘ አስታውስ ብሎታል። ጃክሰን በኋላ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ፤ ካፒቴኑ ለሞርስ መሰከረ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የሉክሬሺያ ሞት የፈጠራው ምክንያት ተብሎ አልቀረበም።

ታዲያ ያ ሐዘን ምን አደረገ? ቤተሰቡን በተነ። በ1826 አባቱ፣ በ1828 እናቱ ሞቱ። ሱዛን፣ ቻርልስና ጄምስ በየዘመዱ ቤት ተከፋፈሉ። ጄምስ በሕፃንነቱ ታምሞ የአእምሮ ዕድገቱ ተጎድቶ ነበር። አባት በ1829 ልጆቹን ትቶ አውሮፓ ሄደ፤ ሦስት ዓመት ያህል ፓሪስና ሮም ውስጥ ሥዕል ሲገለብጥ ኖረ። ሲመለስም የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ በሥራ ክፍሉ ውስጥ ይተኛ፣ ምግቡንም እዚያው ያበስል ነበር እንጂ ልጆቹን የሚሰበስብበት ቤት አልነበረውም። የቴሌግራፍ ዓመታት ለእነዚያ ሦስት ልጆች አባት የሌለባቸው ዓመታት ናቸው። ሐዘኑ ፈጠራ ወለደ የሚለው ታሪክ ይህንን ዋጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሸፍነዋል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ፈጠራውንም ቢሆን ብቻውን አልሠራውም። የመጀመሪያው መሣሪያ አንዲት የሥዕል ሸራ የሚወጠርባት የእንጨት ፍሬም ነበረች። ሠዓሊው እጁ ላይ የነበረውን ዕቃ አንስቶ በላይዋ ላይ እርሳስ የያዘ ዘንግ ሰቀለባት። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔቱ ዘንጉን ይስባል፣ እርሳሱም በሚያልፈው የወረቀት ጥብጣብ ላይ ምልክት ያሰፍራል። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ሜትር ሄዶ መድከሙ ነበር። ይህንን የፈታው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረው ሌናርድ ጌል ነው። ጌል የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሄንሪ በ1831 ያሳተመውን አንብቦ ስለነበር፣ የባትሪውን ቁጥር እንዲያበዛና በማግኔቱ ላይ ሽቦውን ደጋግሞ እንዲጠመጥም ነገረው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ መልእክቱ በ10 ማይል ሽቦ ውስጥ ማለፍ ቻለ። ሌላው ሰው አልፍሬድ ቬይል ይባላል። የአባቱ የብረት ሥራ ኒው ጀርሲ ውስጥ ስለነበር ገንዘብም፣ የብረት ሙያም፣ ትዕግሥትም አመጣ። በጃንዩዋሪ 1838 በዚያው የብረት ሥራ ግቢ ውስጥ ሁለት ማይል ሽቦ በግድግዳ ዙሪያ ተጠምጥሞ የተሳካ ሙከራ ተደረገ።

የፊደሉን ነገር ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። የትኛው ፊደል አጭር ምልክት፣ የትኛው ረጅም ምልክት ይሰጠው? መልሱ የተገኘው ከማተሚያ ቤት ነው። የአታሚዎች ሳጥን ውስጥ በብዛት የሚከማቸው፣ እርሳስ ከተባለው ብረት የተሠራ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚጻፈው ፊደል ነው፤ በቆጠራው «ኢ» 12,000 ሲሆን «ዜድ» 200 ብቻ ነበር። ስለዚህ «ኢ» አንዲት ነጥብ ሆነች። ይህን ያደረገው ሞርስ ነው ወይስ ቬይል የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ አላበቃም። የጥቅም ክፍፍሉ ግን ግልጽ ነው። በኋላ ፍራንሲስ ስሚዝ የተባለ የምክር ቤት አባል በሽርክናው ሲገባ ድርሻው በ16 ተከፈለ፦ ለሞርስ 9፣ ለስሚዝ 4፣ ለቬይል 2፣ ለጌል 1። ስሚዝ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ሳለ የራሱ ጥቅም ላለበት ሥራ የመንግሥት ገንዘብ እንዲፈቀድ መከራከሩን ማንበብ እስከ ዛሬ ያበሽቃል። ቬይል በ1859 ሀብት ሳያፈራ ሞተ።

በሌላ አገርም ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በጀርመን ጋውስና ቬበር በ1833 በሽቦ ይነጋገሩ ነበር፤ በእንግሊዝ ኩክና ዊትስተን በ1837 የባለቤትነት መብት አግኝተዋል። የሞርስ መንገድ ያሸነፈው ርካሽና ቀላል ስለነበረ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ስለሚበቃው ነው። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1854 የሞርስን ፈጠራ አጸናለት፤ አንድ ጥያቄውን ግን ውድቅ አደረገ። ሞርስ በኤሌክትሪክ ኃይል ከሩቅ ለመጻፍ የሚሠራ ማንኛውም ዘዴ፣ ገና ያልተፈለሰፈውም ጭምር፣ የእኔ ይሁን ብሎ ነበር። ዳኞቹ የሠራኸውን መሣሪያ ውሰድ፣ የተፈጥሮን ኃይል ግን አጥረህ መያዝ አትችልም አሉት። ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለቤትነት ክርክር ሲነሳ የሕግ ሰዎች አሁንም ወደዚህ ፍርድ ይመለሳሉ።

መንግሥት በማርች 1843 ገንዘቡን ሲፈቅድ 30,000 ዶላር ነበር፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈውም በ89 ለ83 ድምፅ ነው። መስመሩ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር፣ 40 ማይል ያህል ሆነ። ልብ በሉ፤ ከ18 ዓመት በፊት ሐዘንተኛው ሞርስ በዚያች ቅዳሜ በሠረገላ የሄደበት የመጀመሪያው ጉዞ ይኸው ነበር። የተመረጠው የባቡር ሐዲድ ስለነበረበትና ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ስለሆኑ ነው፤ ከዚህ የተለየ ምክንያት የሚናገር ሰነድ የለም። እኔ ግን መንገዱን ሳስበው ሁለቱን ጉዞዎች መለየት ያቅተኛል።

ሥራው በመጀመሪያ ከሸፈ። ሽቦው በእርሳስ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከመሬት በታች ይቀበር ነበርና መከለያው እየተበላሸ ኤሌክትሪኩ ይፈስ ጀመር። ቱቦ የሚቀብረውን ማረሻ የሠራው ኤዝራ ኮርኔል የተባለ ሰው ነው። ጋዜጦች ውድቀቱን ሳያውቁ ሥራው እንዲቆም ሲፈለግ፣ ኮርኔል ማረሻውን ሆን ብሎ ከድንጋይ ጋር አላትሞ እንደሰበረው ይተረካል። ከዚያ በኋላ ሽቦው ከመሬት ወጥቶ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ሜይ 24 ቀን 1844 ሞርስ ከካፒቶል ሕንጻ፣ ቬይል ከባልቲሞር ሆነው ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 23 የተወሰደውን «እግዚአብሔር ምን አደረገ!» የሚለውን ቃል ተለዋወጡ። ቃሉን የመረጠችው የፈጠራ ባለቤትነት ቢሮ ኃላፊው ልጅ ወጣቷ አኒ ኤልስወርዝ ናት።

ኮርኔል ደመወዙን በአክሲዮን እየወሰደ ቆይቶ፣ በኋላ ዌስተርን ዩኒየን የተባለውን የቴሌግራፍ ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ ከትርፉም በስሙ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዌስተርን ዩኒየን በ1871 በሽቦ ገንዘብ ማስተላለፍ ጀመረ። ቴሌግራም የሚባለውን የቴሌግራፍ መልእክት መላኩን በ2006 አቆመ፤ ገንዘብ መላኩ ቀጠለ። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገራት ለእናቱ ለበዓል ብር የሚልክ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያንን ስም በደረሰኝ ላይ አይቶታል። የቃሉም ሥር ቤታችን ውስጥ አለ፦ «ስልክ» የምንለው ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው።

አሁን ወደማይመቸው ክፍል ልግባ። ሞርስ በ1830 ሮም ሳለ የካቶሊኮች ሃይማኖታዊ ሰልፍ ሲያልፍ ቆቡን ሳያወልቅ ቆመ፤ አንድ ወታደር ቆቡን መትቶ ከራሱ ላይ ጣለው። ይህን አልረሳም። አገሩ ሲመለስ በካቶሊክ ስደተኞች፣ በተለይም በአየርላንዳውያን ላይ፣ ነፃነታችንን ሊያጠፉ የተላኩ ናቸው የሚል ተከታታይ ጽሑፍ አሳተመ። በ1836 በዚሁ አቋም የኒው ዮርክ ከንቲባ ለመሆን ተወዳድሮ 1,500 ያህል ድምፅ ብቻ አግኝቶ ወደቀ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ባርነት እግዚአብሔር የፈቀደው ሥርዓት ነው እያለ በጽሑፍ ተከራከረ። ይህን የጻፈው የ20 ዓመት ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ ይበስላል ባልን ነበር። የጻፈው ግን ዕድሜው ከ70 ያለፈ፣ ክብርም ገንዘብም የሞላው ሰው ነው።

ይህም ከቤተሰቡ የራቀ ጉዳይ አልነበረም። ልጁ ሱዛን ኤድዋርድ ሊንድን አግብታ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አሮዮ በተባለ ቦታ ትኖር ነበር። ባሏ የሸንኮራ እርሻ ባለቤት ነው፤ እርሻውም በባሮች ጉልበት የሚታረስ ነው። በደሴቲቱ ባርነት የቀረው በ1873 ነው። ሞርስ ከ1858 እስከ 1859 ባለው ክረምት ልጁን ሊጠይቅ ሄደና ከእርሻው እስከ ወደቡ ሁለት ማይል ያህል የቴሌግራፍ መስመር ዘረጋ። ማርች 1 ቀን 1859 የተመረቀው ይህ መስመር በደሴቲቱ የመጀመሪያው ነበር። የአባት ፍቅር ነው፤ ልጁን ከዓለም ጋር ሊያገናኛት ፈለገ። ያው ሽቦ ግን የስኳሩን ንግድ ያፋጥን ነበር፤ ሸንኮራውን የሚቆርጡት ሰዎች በዚያ ሽቦ ላይ አንዲት ቃል አልላኩም። ዛሬ የመገናኛ ኩባንያ ባለቤቶች ስለ ስደተኞች ምን እንደሚያስቡ ስንሟገት፣ ነገሩ ከሽቦው ጋር እኩል ዕድሜ እንዳለው ማወቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ትዳሩ ሌላ መልክ አለው። በ1848 ልጁ ቻርልስ ዩቲካ ከተማ ሲሞሸር በሠርጉ ላይ ሳራ ግሪዝወልድን አገኛት። የዘመድ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት፤ እሱ 57፣ እሷ 26 ዓመት አካባቢ ነበሩ። በዚያው ኦገስት ተጋቡ፤ አራት ልጆች ወለዱ። በሃድሰን ወንዝ ዳር በፖኪፕሲ በገዛው ቤት ሞርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖረ አባት ሆነ። የንግድ ወኪሉ አሞስ ኬንዳልም ከቴሌግራፍ ባፈራው ሀብት ዋሽንግተን ውስጥ ላለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መሬትና ቤት ሰጥቷል፤ ዛሬ ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እሱ ነው።

ከሁለተኛው ትዳር የመጨረሻው ልጅ ኤድዋርድ ሊንድ ይባላል፤ የሸንኮራ እርሻው ባለቤት የአማቹ ስም ነው። ሠዓሊ ሆነ። በ1914 የአባቱን ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች በሁለት ቅጽ አሳተመ። ለሞተች ሚስት የተጻፈውን ያንን ደብዳቤ ዛሬ የምናነበው በእሱ ምክንያት ነው። የታሪኩ መዝገብ ያዥ የሉክሬሺያ ልጅ አለመሆኑን ልብ እላለሁ። የሱዛንና የጄምስ የልጅነት ናፍቆት በአባትየው ደብዳቤዎች መካከል እንደ ጥላ ብቻ ያልፋል።

ሞርስ በ1872 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሐውልቱ በሴንትራል ፓርክ ተመርቆ ነበር። በዚያው ቀን ምሽት አንዲት ወጣት የቴሌግራፍ ሠራተኛ የስንብት መልእክቱን ለዓለም ላከችለት፤ እሱ መጨረሻ ላይ ስሙን ብቻ በገዛ እጁ መታ።

ቴሌግራፍ ከተስፋፋ በኋላ የሆነውን ግን የፌስቡኩ ታሪክ አይነግረንም። ቴሌግራም ውድ ስለነበር ሰው የሚልከው ለጭንቅ ጉዳይ ነው። በጦርነት ዓመታት ቴሌግራም አድራሹ በሰፈር ሲታይ እናቶች ከበር ወደኋላ ይሸሹ ነበር። መርዶው ፈጠነ፤ መርዶ ነጋሪው ግን ጠፋ። እኛ ደግሞ መርዶን በሥርዓት የምንነግር ሕዝብ ነን። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ እንዳለ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በአጠገቡ መኖሩ ይረጋገጣል። አሁን ያ ሁሉ በአንዲት «ነፍስ ይማር» ከተባለች ፎቶግራፍ ይቀደማል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ፈረቃው ላይ ቆሞ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ፣ የአባቱን ሞት ከማያውቀው ሰው ገጽ ላይ ያነባል። ሞርስን የጎዳው የዜናው መዘግየት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚጎዳው ዜናው ብቻውን ሲያገኘው ነው።

ይህን የተረዱ ቤተሰቦች የራሳቸውን ዘዴ እያበጁ ነው። አገር ቤት ያለው የሟች ወገን ለጎረቤቱ ፎቶግራፍ እንዳይለጥፍ ይለምናል፤ ልጁ ባለበት ከተማ የሚኖር አንድ ታማኝ ሰው ይመርጣል፤ እሱ ሌሎችን ይጠራል። አንድ ጊዜ እኔም በዚህ ጥሪ ተካትቼ ነበር። አራት ሆነን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከባልቲሞር ተነሳን። መኪናው ውስጥ ማንም አልተነጋገረም፤ የአራታችንም ስልክ ተዘግቷል። ዋሽንግተን አጠገብ ደርሰን በሩን ስናንኳኳ ልጁ ለሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሽማግሌያችን መጀመሪያ ያደረጉት ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኩን አንስተው ኪሳቸው መክተት ነው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡና እጁን ያዙት።